ካልታረቁም ሽምግልናው አያብቃ

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምናነሣው ጉዳይ ባልና ሚስት ሲለያዩ የልጆች ነገር እንዴት ይሁን የሚለው ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤትን፣ የአገር ሽማግሌን፣ የንስሐ አባትን፣ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትን ሁሉ ይነካል። እኔ ግን ዛሬ አንድ ሐሳብ ብቻ ይዤ እስከ መጨረሻው እሟገትለታለሁ። ሽምግልናችን ባልና ሚስትን ማስታረቅ ሲያቅተው ወዲያው መበተኑ ልጆችን ይጎዳል። ለልጅ ከሁሉ የሚበጀው የሽምግልና ሥራ መለያየቱ ቁርጥ ከሆነ በኋላ ያለው ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎች እርቁ ባይሰምርም ከመነሣታቸው በፊት ወላጆቹ ስለ ልጆቻቸው እንዲስማሙ መርዳት፣ ስምምነቱም ተጽፎ ፍርድ ቤት እንዲደርስ ማድረግ አለባቸው።

አሠራሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጎጆው ሲናጋ በመጀመሪያ ዘመድ ይሰማል፤ ቀጥሎ ሽማግሌ ይላካል፤ ጋብቻው በቁርባን ከሆነ የንስሐ አባትም ይጠራሉ። ሽማግሌዎቹ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ግራ ቀኙን ያደምጣሉ፣ ይገሥጻሉ፣ ይለምናሉ፣ መካስ ያለበትን ያስክሳሉ። ሲሳካ በጎ ነው፤ ብዙ ትዳር በዚህ መንገድ ተርፏል። አንዱ ወገን "ከእንግዲህ በቃኝ" ብሎ ሲቆርጥ ግን ጉባኤው ሌላ መልክ ይይዛል። ወሬው ሁሉ ወደ ንብረት ይዞራል። ፍየሉ ይቆጠራል፣ የንብ ቀፎው ይቆጠራል፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩ ከተቀመጠበት ይወጣል። በክልላችን በአማራ ደብተሩ የባልንም የሚስትንም ስም ስለሚይዝ ክርክሩ በቀላሉ አይበርድም። የልጅ ነገር የሚነሣው ሰው ሁሉ ከደከመ በኋላ ሲሆን፣ እሱም "ሕፃኑማ ለጊዜው እናቱ ዘንድ ይሁን" በሚል አንድ ቃል ይታለፋል። ይህ "ለጊዜው" እስከ መቼ እንደሆነ፣ ማን ምን እንደሚሰጥ፣ ሌላው ወላጅ ልጁን መቼ እንደሚያይ የሚናገር አይገኝም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ጠቡ እንደገና የሚያገረሸው ይህ ሳይነገር በመታለፉ ነው።

ይህ የጥቂት ቤቶች ችግር ብቻ አይደለም። በ1982 ዓ.ም. በተሰበሰበ አገር አቀፍ የቤተሰብና የወሊድ መረጃ ላይ ተመርኩዘው ሁለት ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ በኢትዮጵያ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች ውስጥ ከመቶ 45 ያህሉ በሠላሳ ዓመት ጊዜ ውስጥ በፍቺ ያበቃሉ። ከተፋቱት ሴቶች መካከልም ሁለት ሦስተኛው የተፋቱት በጋብቻቸው የመጀመሪያ አምስት ዓመታት ነው። መረጃው የቆየ ነው፤ የሚያሳየው ነገር ግን ለዛሬም ትምህርት አለው። ትዳር በብዛት የሚፈርሰው በጅማሬው ከሆነ፣ በመካከል የሚገኘው ልጅ ብዙውን ጊዜ ገና ጡት ያልጣለ ወይም ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነው ማለት ነው። የመቀንጨርን ነገር ደግሞ ዞናችን ዋግ ኽምራ አሳምሮ ያውቀዋል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ለማስወገድ የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ በዞኑ ከተማ ስም ይጠራል። እንግዲህ የአንድ ዓመት ልጅ ያላት እናት ወደ ወላጆቿ ቤት ስትመለስ ከአባትየው በኩል የሚመጣው ቀለብ ካልታወቀ፣ የዘገየው እያንዳንዱ ወር በኋላ ሊተካ በማይችል የዕድገት ዘመን ላይ የሚያርፍ ነው። ትልልቆቹ ስለ ፍየል ሲሟገቱ ልጁ የሚያጣው ጊዜ በካሣ አይመለስም።

ሕጉ በዚህ ላይ ምን እንደሚል እንመልከት፤ ምክንያቱም ብዙ ሽማግሌዎች ዛሬም የሚሠሩት በቀድሞው ሕግ ልማድ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺ ጥያቄ የሚቀርበው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር፤ ፍቺውን የሚወስኑትም እነሱ ነበሩ። የሚመረጡትም ጋብቻው ሲፈጸም ምስክር ከነበሩት ሰዎች ነበር። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ሲወጣ ግን ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995ም የወጣው ይህን ተከትሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ይመክራል፣ ያስማማል፣ ሪፖርት ያቀርባል እንጂ አያፋታም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አዋጅ ቁጥር 1237ም ፍቺና የአሳዳጊነት ጉዳይ በግልግል ዳኝነት እንዳይወሰኑ ከልክሏል። አንዳንድ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ "እንግዲህ እኛን ምን አደረጉን?" ብለው ቅር ይላቸዋል። ቅሬታው ግን ሕጉን እስከ መጨረሻው ካለማየት የሚመጣ ነው። በፌዴራሉ ሕግ የፍቺ አቤቱታ የቀረበለት ፍርድ ቤት ባልና ሚስቱን አነጋግሮ፣ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች ጉዳያቸውን እንዲጨርሱ ሊያደርግ ይችላል። ያ ካልሆነም ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ከሁሉ በላይ ሕጉ በስምምነት የሚፈጸም ፍቺን ይፈቅዳል፤ ባልና ሚስት መፋታታቸውንም ሆነ የፍቺውን ውጤት፣ ማለትም ንብረቱንና የልጆቹን ነገር፣ ራሳቸው ተስማምተው ጽፈው ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላሉ። ፍርድ ቤቱ ስምምነቱ የሁለቱ እውነተኛ ፈቃድ መሆኑንና ልጆቹን የማይጎዳ መሆኑን አይቶ ያጸድቀዋል። ሕጉ ለሽማግሌ ያዘጋጀው ሰፊው በር ይህ ነው፤ እኛ ግን ብዙም አልገባንበትም።

ዳኛው ልጁ ከማን ዘንድ ይሁን ብሎ ሲወስን የሚመዝናቸውን ነገሮችም ሽማግሌው ቢያውቃቸው ይጠቅመዋል። የ1952ቱ ሕግ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ለእናቱ ይሰጥ ይል ነበር። የተሻሻለው ሕግ ይህን ቁርጥ ያለ ዕድሜ ትቶ የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም እያመዛዘኑ መወሰንን መርጧል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36ም በሕፃናት ጉዳይ ላይ የሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የሕፃኑን ደኅንነት እንዲያስቀድም ያዝዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የወሰነው ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ክርክሩ ሕፃኑን ባሳደገች አክስትና በወላጅ አባቱ መካከል ነበር። ችሎቱ ሕገ መንግሥቱንና ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ጠቅሶ የሕፃኑ ጥቅም ከአባትነት መብት እንደሚቀድም ወሰነ። ስለዚህ "ልጅ የአባቱ ነው" ወይም "ልጅ የእናቱ ነው" የሚለው ክርክር በሕጉ ፊት ከመነሻው ሚዛን አይደፋም። ሽማግሌው መጠየቅ ያለበት ልጁ የማን ነው ብሎ አይደለም፤ ከማን ዘንድ ሆኖ ይበላል፣ ይማራል፣ ሌላውንስ ወላጁን እንዴት ያገኛል ብሎ ነው።

"ታዲያ ዳኛው ይህን ሁሉ የሚያይ ከሆነ የሽማግሌው ድካም ለምን?" ትሉኝ ይሆናል። ፍርድ ቤት የቀረበለትን ክርክር ይወስናል፤ ሁለቱ ወላጆች ከውሳኔው በኋላ ለዓመታት እየተነጋገሩ ልጅ እንዲያሳድጉ ማድረግ ግን በፍርድ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ሮበርት ኤመሪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በልጅ አስተዳደግ የሚካሰሱ ቤተሰቦችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው፤ ገሚሱ በአስማሚ እንዲነጋገር፣ ገሚሱ በክርክሩ እንዲቀጥል ተደረገ። ለንግግሩ የወሰደው ጊዜ በአማካይ ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ ሲታይ፣ ልጁ አብሮት የማይኖረው ወላጅ በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ልጁን የሚያይበት ቤተሰብ ከተከራከሩት መካከል ከመቶ 9 ገደማ ሲሆን፣ በአስማሚ ከተነጋገሩት መካከል ግን ከመቶ 28 ያህል ነበር። ጥናቱ በጥቂት ቤተሰቦች ላይ የተሠራ ነው፤ አገሩም ሩቅ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ዋግ አላመጣውም። የሚያስተምረው ነገር ግን ከእኛ ኑሮ ጋር ይገጥማል፤ ሰው ራሱ የተስማማበትን ነገር ከታዘዘው ይልቅ ይጠብቀዋል። የካሊፎርኒያ ግዛትም እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በልጅ አያያዝ ያልተስማሙ ወላጆች ከችሎቱ ክርክር በፊት በአስማሚ ፊት እንዲነጋገሩ አስገድዳለች። እኛ ግን አስማሚ ከሌላ ቦታ ማምጣት አያስፈልገንም፤ የሚከበሩ ሽማግሌዎች በየቀበሌው አሉን። የጎደለን የሥራቸው ሁለተኛ ክፍል ነው።

ይህ ሁለተኛ ክፍል በተግባር ምን ይመስላል? አንድ ቤተሰብ እናስብ። እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ሰቆጣ ከዘመድ ተጠግታለች፤ ልጆቹ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅና የሁለት ዓመት ወንድሟ ናቸው። አባት አበርገሌ ከፍየሎቹና ከማሽላ እርሻው ጋር ነው፤ በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ይወርዳል። "አባት ቀለብ ይስጥ" የሚል ስምምነት ለእነዚህ ልጆች ምንም አይፈይድም። ጥሩ ስምምነት እንዲህ ይነበባል፦ አባት ከአጨዳ ሲመለስ፣ እስከ ኅዳር 30 ድረስ፣ ይህን ያህል ብር ይሰጣል፤ ማሽላው ሲወቃ ይህን ያህል ኩንታል እስከ ሰቆጣ በራሱ ወጪ ያደርሳል፤ አንዲት የምትታለብ ፍየል ለትንሹ ልጅ ትሰጣለች። ልጅቱ ትምህርቷን በሰቆጣ ትቀጥላለች፤ ትምህርት ሲዘጋ አባቷ ዘንድ ትከርማለች፤ ነሐሴ 16 ከመግባቱ በፊት ግን ለሻደይ በዓል ወደ እናቷ ትመለሳለች። ትንሹ ልጅ እስኪጠና ድረስ አባቱ እየመጣ ያየዋል፤ የሚያርፍበትም ዘመድ ቤት በስም ይጻፋል። አባትየው ዘንድ ሲከርሙ ትምህርት አስትቶ እረኛ ማድረግ የለም። ልጆቹ በሴፍቲኔት መዝገብ በማን ቤተሰብ እንደሚቆጠሩ ይወሰናል፤ ይህ ካልተለየ እርዳታው ልጆቹ በሌሉበት ቤት ይቀራል። ልጅ ቢታመም ማን ጤና ጣቢያ ይወስዳል፣ ወጪውን ማን ይችላል፣ ስልክ የሚደወለው በማን ስልክ ነው የሚለውም ይጻፋል። ኽምጣና ተናጋሪ የሆነ ወላጅ በሚገባው ቋንቋ እየተነበበለት "አዎ፣ ይህ ቃሌ ነው" ሳይል ማንም አይፈርምም። ይህን ዝርዝር ከችሎት ወንበር ላይ ሆኖ ማውጣት ለዳኛ ይከብዳል፤ የአዝመራውን ወቅት፣ የመንገዱን ርቀትና የዘመዱን ጠባይ ለሚያውቅ ሽማግሌ ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አሁን ተቃውሞዎቹን እንስማ። የመጀመሪያው ከሃይማኖት አባቶችና ከቀደሙ ሽማግሌዎች ይመጣል፤ "ስለ መለያየት ስምምነት ማውራት ፍቺን ማለማመድ አይሆንም ወይ? የሽማግሌ ሥራ ማስታረቅ ነው" ይላሉ። ተቃውሞው ክብደት አለው። የማስታረቁ ሙከራ መቅደም አለበት፤ ሕጉም ይህንኑ ይላል። ነገር ግን አንዱ ወገን ቆርጦ ቤቱን ጥሎ ከወጣ በኋላ ሽማግሌው ዝም ማለቱ ትዳሩን አይመልሰውም፤ ልጁን ያለ ቀለብ ያስቀረዋል እንጂ። እንዲያውም ስለ ልጆቹ በዝርዝር መነጋገር አንዳንዱን ወላጅ የመለያየትን ዋጋ ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳየው ወደ እርቅ የሚመለስበት ጊዜ ይኖራል። ስለዚህ ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው ጋር አይጣላም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሴቶች ይመጣል፤ ከሁሉ የጠነከረውም እሱ ነው። "ሽማግሌዎቹ ወንዶች ናቸው፤ ብዙዎቹም የባል ወገን ናቸው። የተመታች ሴት ከመቺዋ ፊት ተቀምጣ ምን ብላ ትከራከራለች?" ይላሉ። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በሕይወታቸው አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች ከመቶ 34 ያህሉ ከባል የአካል፣ የወሲብ ወይም የሥነ ልቦና ጥቃት ደርሶባቸዋል። በዚያው ጥናት ባል ሚስቱን ለመምታት በቂ ምክንያት የሚሆን ነገር አለ ብለው የሚያምኑት ሴቶች ከመቶ 63 ነበሩ። ጥቃቱ ይህን ያህል በተለመደበት አገር "ተስማምታለች" የሚል ወረቀት ብቻውን አይታመንም። የአውሮፓ አገሮች በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ2011 በኢስታንቡል የፈረሙት ስምምነትም ጥቃት ባለበት ጉዳይ አስገዳጅ ሽምግልናን ይከለክላል። የኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ የሚችለው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ብቻ እንደሆነ ይናገራል፤ ያለ ፈቃድ የተጎተተች ሴት የተቀመጠችበት ጉባኤ እንግዲህ ከሕግ ውጭ ነው። ስለዚህ ለዚህ ተቃውሞ የምሰጠው መልስ ገደብ ማበጀት ነው። ሽማግሌዎች ጉባኤውን ከመክፈታቸው በፊት ሁለቱን ለየብቻ ያነጋግሩ፤ ሴቲቱን የምታነጋግራት ሴት ትሁን። ድብደባ ወይም ዛቻ ካለ ጉዳዩ ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ፤ በሽምግልና አይሸፈን። ጥቃት በሌለበትም ከሽማግሌዎቹ መካከል ሴቶች ይኑሩ፤ እናትም የምታምነውን ሰው የመምረጥ እኩል መብት ይኑራት። ከዕድሜዋ በፊት የተዳረች ልጅ ከሆነችም የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑ ይታወስ፤ የእሷ ጉዳይ የሁለት እኩያዎች ድርድር ተደርጎ መታየት የለበትም።

ሦስተኛው "ወረቀቱን ማን ያስከብረዋል?" የሚለው ነው። ልክ ነው፤ በቀበሌ ወይም በሽማግሌ እጅ ብቻ የቀረ ወረቀት አባት ሊጥሰው፣ እናትም ልታፈርሰው የምትችል ነው። ለዚህ ነው ስምምነቱ ፍርድ ቤት ደርሶ መጽደቅ አለበት የምለው። የጸደቀ ስምምነት እንደ ፍርድ ይፈጸማል፤ ቀለቡን የከለከለ ወላጅ የሚጠየቀው በፍርድ አፈጻጸም ነው። ፍቺውም ሲፈጸም በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ፤ የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለም በዚያው አጋጣሚ ይውጣ፤ የአባትነት ክርክር በኋላ ሲነሣ የሚረዳው እሱ ነው። ኑሮ ሲለወጥ ደግሞ ስምምነቱ ሊለወጥ ይችላል። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ከአበርገሌ ተፈናቅለው ወደ ሰቆጣና አካባቢዋ የመጡ ቤተሰቦች እንደሚያውቁት፣ መንደርም መተዳደሪያም በአንድ ሳምንት ሊጠፋ ይችላል። ፍየሉን ያጣ አባት "አልችልም" ብሎ ከመጥፋት ይልቅ ሽማግሌዎቹን ጠርቶ መጠኑ እንዲቀነስ፣ ጊዜው እንዲራዘም ቢጠይቅ ይሻላል። ስምምነቱ ራሱ በየስንት ጊዜው እንደገና እንደሚታይ ቢናገር ይህ በር ክፍት ይሆናል።

በመጨረሻ የሚነሣው "ልጅ ምን ያውቃል?" የሚለው ነው። ልጅ መወሰን የለበትም፤ "እናትህን ወይስ አባትህን ትመርጣለህ?" ብሎ መጠየቅም ጭካኔ ነው። ነገር ግን የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 በራሱ ጉዳይ አሳብ ሊኖረው የሚችል ልጅ እንዲደመጥ፣ አሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ እንዲመዘን ይላል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ትምህርት ቤቷ ስንት ሰዓት እንደሚያስሄዳት፣ ማታ ከማን ጋር እንደምትተኛ፣ ማን እንደሚያስፈራት ታውቃለች። ወላጆቿ በሌሉበት አንዲት የምታምናት ሴት ብትጠይቃት ትናገራለች። ያ መልስ ከሽማግሌው ሁሉ ግምት የተሻለ ማስረጃ ነው።

እንግዲህ አድማጮች፣ ከዚህ ዝግጅት በኋላ ሽማግሌ የሆናችሁ፣ ለሽምግልናም የተጠራችሁ ሁሉ አንድ ደንብ እንድትይዙ እለምናለሁ፤ እርቁ ካልተሳካ የልጆቹ ስምምነት ሳይጻፍ የንብረት ክፍፍል አይጀመር። ቅደም ተከተሉ ራሱ ብዙ ያስተካክላል፤ ልጆቹ ከማን ዘንድ እንደሚሆኑና ምን እንደሚያስፈልጋቸው ከታወቀ የመሬቱና የከብቱ ድርሻም በዚያው መሠረት ይመዘናል። የምትለያዩ ወላጆችም ሽማግሌ ሲጠራችሁ "አልታረቅም" ብላችሁ አትቅሩ፤ ለመታረቅ ባትፈልጉ ስለ ልጆቻችሁ ለመስማማት ሂዱ። ጥቃት የሚደርስባችሁ ግን ቀድማችሁ ወደ ወረዳው ፖሊስ ወይም ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ጥያቄ ካላችሁም በወረዳችሁ ያለው የፍትሕ ጽሕፈት ቤት ያስረዳችኋል።